ሁለት፣ ስምንት፣ ዐሥራ ስምንት፦ ኤሌክትሮኖች በአቶም ውስጥ ቦታቸውን ያገኙበት ታሪክ

ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ሁሉ የሶዲየምን ኤሌክትሮኖች 2፣ 8፣ 1 ብሎ ደልድሏል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ፖታሲየም 2፣ 8፣ 8፣ 1 መሆኑን ይማራል። አስተዋይ ተማሪ እዚህ ላይ ቆም ይላል። ሦስተኛው ሼል ዐሥራ ስምንት ኤሌክትሮን ይይዛል ተብሎ ተነግሮት ሳለ፣ ስምንት ብቻ እንደያዘ አራተኛው ለምን ተጀመረ? ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ሕጉ እንደዚያ ነው» የሚል ነው። ጥያቄው ግን ከዚህ የተሻለ መልስ ይገባዋል፤ ስመ ጥር የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሊቃውንት ለአሥርተ ዓመታት የታገሉበት ነውና። በዚህ ታሪክ ውስጥ ቁጥሮቹ ቀድመው ተገኙ፤ ምክንያታቸው የመጣው እጅግ ዘግይቶ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1869 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ በጊዜው የታወቁትን 63 ንጥረ ነገሮች በአቶማዊ ክብደታቸው ደረደራቸው። ኤሌክትሮን የሚባል ነገር ገና አልታወቀም። ሜንዴሌቭ ያስተዋለው ጠባያቸው እየዞረ መመለሱን ነው። ሊቲየም፣ ሶዲየምና ፖታሲየም ሦስቱም በቢላ የሚቆረጡ ለስላሳ ብረቶች ናቸው፤ ሦስቱም ውሃ ሲነካቸው ይቆጣሉ፤ በመካከላቸው ግን ጠባያቸው ፈጽሞ የተለየ ሌሎች ንጥረ ነገሮች ተሰልፈዋል። ክብደትና ጠባይ ሲጋጩበት ሜንዴሌቭ ጠባይን አመነ። ቴሉሪየም ከአዮዲን እንደሚከብድ እያወቀ ከአዮዲን በፊት አስቀመጠው። ገና ላልተገኙ ንጥረ ነገሮችም ባዶ ቦታ ተወላቸው፤ በ1875 ጋሊየም፣ በ1879 ስካንዲየም፣ በ1886 ጀርማኒየም መጥተው ቦታቸውን ያዙ።

ከ1894 ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት ለንደን ላይ ዊልያም ራምሴይ ከባልደረቦቹ ጋር ከማንም ጋር መዋሐድ የማይፈልጉትን ጋዞች አከታትሎ አገኘ፤ አርጎንን፣ ሂሊየምን፣ ኒዮንን፣ ክሪፕቶንንና ዜኖንን። እነዚህ የየረድፉ መዝጊያ ሆነው ሲቀመጡ የረድፎቹ ርዝመት ጎልቶ ወጣ፤ 2፣ 8፣ 8፣ 18፣ 18። ቀጣዩ ረድፍ ላይ ግን «ብርቅዬ ማዕድናት» የሚባሉት፣ እርስ በርሳቸው ለመለየት የሚያታክቱ ብረቶች ተጨናንቀው ስለነበር ስንት መሆናቸውን በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው አልነበረም። ስምንት ለምን ሆነ? ደግሞስ ስምንትም ዐሥራ ስምንትም ለምን ሁለት ሁለት ጊዜ መጡ? ይህን የሚመልስ ሠንጠረዡ ላይ ምንም አልነበረም።

ሌላው ፍንጭ የመጣው ከብርሃን ነው። በመስታወት ቱቦ ውስጥ ባለ ሃይድሮጅን ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የሚወጣው ብርሃን በፕሪዝም ሲበተን ለየብቻቸው የቆሙ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። ቀዩ 656 ናኖሜትር ላይ ነው፤ ሌሎቹ 486፣ 434 እና 410 ላይ። በ1885 የስዊዘርላንዷ ባዝል ውስጥ በልጃገረዶች ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ዮሃን ባልመር አራቱንም የምታወጣ አንዲት አጭር ቀመር አገኘ። ቀመሯ የተሠራችው ከሙሉ ቁጥሮች ስኩዌር ነው። ለምን እንደምትሠራ እሱም ሌላውም አላወቀም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1897 ካምብሪጅ ላይ ጄ.ጄ. ቶምሰን ኤሌክትሮንን አገኘ። በ1911 ማንቸስተር ላይ ኧርነስት ራዘርፎርድ የአቶም ክብደት ከሞላ ጎደል በሙሉ እጅግ ትንሽ በሆነች ኒውክለስ ውስጥ እንደታጨቀ አሳየ። ኤሌክትሮኖቹ እንግዲህ በዙሪያዋ መሆን አለባቸው። ይሁንና በታወቀው የፊዚክስ ሕግ መሠረት የሚዞር ኤሌክትሮን ብርሃን እየረጨ፣ ጉልበቱ እያለቀ፣ በቅጽበት ኒውክለሷ ላይ መውደቅ ነበረበት።

በ1912 ራዘርፎርድ ዘንድ የመጣው ዴንማርካዊው ኒልስ ቦር ይህን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1913 መጀመሪያ ላይ ሃንስ ሃንሰን የሚባል ባልደረባው ስለ ባልመር ቀመር ጠየቀው። ቀመሯን እንዳየ ነገሩ ሁሉ እንደተገለጠለት ቦር በኋለኛ ዘመኑ ይናገር ነበር። ኤሌክትሮን በፈለገበት ርቀት ላይ አይኖርም፤ የተወሰኑ የጉልበት ደረጃዎች ብቻ ተፈቅደውለታል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲወርድ ልዩነቱን በብርሃን መልክ ይለቃል። የባልመር ሙሉ ቁጥሮች የነዚህ ደረጃዎች ተራ ቁጥር ሆነው ተገኙ።

ሥራው በሦስት ክፍል ታተመ። የሚጠቀሰው ሁልጊዜ የመጀመሪያው ነው። እኔ ግን ይበልጥ የሚያስተምረው ሁለተኛው ይመስለኛል፤ ቦር ከሃይድሮጅን አልፎ ሌሎቹን አቶሞች ለመደልደል ሲታገል የሚታየው እዚያ ነውና። ሊቲየምን 2፣ 1 አለ። ካርቦንን 2፣ 4 አለ። ናይትሮጅን ላይ ሲደርስ የውስጡን ቀለበት ለወጠና 4፣ 3 ብሎ ጻፈ። ኦክስጅንን 4፣ 2፣ 2፣ ኒዮንን 8፣ 2፣ ሶዲየምን 8፣ 2፣ 1 አደረጋቸው። ዛሬ ተማሪ ፈተና ላይ እንዲህ ቢጽፍ ይሰረዝበታል። ቦር ግን እንዲሁ አልገመተም። ናይትሮጅን ብዙውን ጊዜ ከሦስት ሃይድሮጅን፣ ኦክስጅን ከሁለት፣ ፍሎሪን ከአንድ ጋር ይዋሐዳል፤ የውጭኛው ቀለበት ከዚህ ጋር እንዲስማማ ነው የደለደለው። ሒሳቡ ዝም ሲለው ኬሚስትሪን ጠየቀ። ይህ አካሄድ ከዚያ በኋላ ለአሥራ ሁለት ዓመታት ያህል ቀጠለ።

በዚያው ዓመት ሄንሪ ሞዝሊ የንጥረ ነገሮችን ኤክስሬይ መለካት ጀመረ። አሠራሩን ማየት ደስ ይላል። የሚለካቸውን ብረቶች አየር በወጣለት ቱቦ ውስጥ ትንሽ ጋሪ ላይ ይደረድራል፤ ከዚያ ጋሪዋን በሐር የዓሣ ማጥመጃ ክር እየጎተተ አንድ በአንድ የኤሌክትሮን ጨረር ፊት ያቆማቸዋል። እያንዳንዱ ብረት የራሱን ኤክስሬይ ፎቶግራፍ ላይ ያትማል። የድግግሞሹ ስኩዌር ሩት ከንጥረ ነገር ወደ ንጥረ ነገር ስትሄድ በእኩል እርምጃ ያድግ ነበር። ስለዚህ የሠንጠረዡ እውነተኛ መደርደሪያ ክብደት ሳይሆን በኒውክለስ ውስጥ ያለው ቻርጅ፣ ማለትም አቶማዊ ቁጥር ሆኖ ተገኘ። ቴሉሪየም 52ኛ፣ አዮዲን 53ኛ ነው፤ ሜንዴሌቭ ቴሉሪየምን ማስቀደሙ ትክክል እንደነበር ተረጋገጠ። ያልተገኙት የት እንዳሉም በቁጥር መናገር ተቻለ፤ 43፣ 61፣ 75፣ ቆይቶም 72። አቶማዊ ቁጥር የኤሌክትሮኖቹም ብዛት ነውና ከዚህ በኋላ ድልድሉን የሚሠራ ሰው ስንት ኤሌክትሮን እንደሚደለድል በትክክል አወቀ። ሞዝሊ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ዘመተና ኦገስት 10 ቀን 1915 ጋሊፖሊ ላይ በጥይት ተመቶ ሞተ። ዕድሜው 27 ነበር።

ኬሚስቶቹ በበኩላቸው የፊዚክስን ፈቃድ አልጠበቁም። በ1916 በርክሌይ ውስጥ ጊልበርት ሉዊስ አቶምን ስምንት ማዕዘን ባለው ኪዩብ መስሎ፣ በየማዕዘኑ አንድ ኤሌክትሮን አስቀምጦ፣ አቶሞች ኤሌክትሮን እየተጋሩ ስምንት እንደሚሞሉ አስረዳ። በዚያው ዓመት ሙኒክ ላይ ቫልተር ኮሰል አቶሞች ኤሌክትሮን እየሰጡና እየተቀበሉ ወደ ቅርባቸው ጋዝ ድልድል እንደሚሄዱ ጻፈ። በ1919 ደግሞ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ኧርቪንግ ላንግሙየር፣ ከስዊድናዊው ዮሃንስ ሪድበርግ ሐሳብ ተነስቶ፣ ሠንጠረዡን በሙሉ ሼል በሼል ከፋፈለው። የጋዞቹን አቶማዊ ቁጥር፣ 2፣ 10፣ 18፣ 36፣ 54 እና 86ን፣ በአንድ መስመር አወጣ፤ አንድን፣ የሁለትን ስኩዌር ሁለት ጊዜ፣ የሦስትን ስኩዌር ሁለት ጊዜ፣ የአራትን ስኩዌር ደምረህ እጥፍ ማድረግ ብቻ ነው። ቁጥሮቹ እነሆ ተሟሉ፤ 2፣ 8፣ 8፣ 18፣ 18፣ 32። የፊዚክስ ሰዎች ግን አልረኩም። የላንግሙየር ኤሌክትሮኖች በየቦታቸው የቆሙ ናቸው፤ ኒውክለስ እየሳባቸው ቆመው ሊቆዩ አይችሉም። ከዚያም በላይ እጥፉ ከየት መጣ?

ከጦርነቱ በኋላ ቦር ወደ ነገሩ ተመለሰ። በመካከሉ ሙኒክ ላይ አርኖልድ ዞመርፌልድ ክብ ብቻ የነበሩትን ምሕዋሮች ሞላላም እንዲሆኑ አድርጎ ለኤሌክትሮን ሁለት የኳንተም ቁጥር ሰጥቶት ነበር፤ አንዱ የምሕዋሩን ትልቀት፣ ሌላው የሞላላነቱን መጠን ይናገራል። ቦር በ1921 እና በ1922 ይህን ይዞ አዲስ አካሄድ አቀረበ። ባዶ ኒውክለስ ወስደህ ኤሌክትሮኖቹን አንድ በአንድ ጨምር። እህል ጎተራ ሲገባ ከሥር እንደሚሞላ፣ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ክፍት ከሆኑት ቦታዎች ዝቅተኛ ጉልበት ያለውን ይይዛል፤ ቀድመው የገቡትም ባሉበት ይቆያሉ።

የፖታሲየም እንቆቅልሽ መፈታት የጀመረው እዚህ ነው። ዐሥራ ዘጠነኛው ኤሌክትሮን ሁለት አማራጭ አለው፤ የሦስተኛው ደረጃ ክብ ምሕዋር ወይም የአራተኛው ደረጃ በጣም ሞላላ የሆነው። ክቡ ምንጊዜም ከውስጦቹ ዐሥራ ስምንት ኤሌክትሮኖች ውጭ ስለሆነ የኒውክለሷ ስበት በእነሱ ተሸፍኖበታል። ሞላላው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ ቢሆንም በየዙሩ ወደ ውስጥ ዘልቆ ሽፋኑን አልፎ ከኒውክለሷ አጠገብ ይደርሳል። በዚህ የተነሳ በፖታሲየም ውስጥ አጥብቆ የሚታሰረው የአራተኛው ደረጃ ኤሌክትሮን ነው። ከካልሲየም በኋላ ሦስተኛው ደረጃ እንደገና መሙላት ይጀምራል፤ ከስካንዲየም እስከ ዚንክ ያሉት ዐሥር ብረቶች የሚመጡት ከዚያ ነው። ብርቅዬ ማዕድናቱ ደግሞ አራተኛው ደረጃ ገና ሲሟላ የሚገኙ ናቸው፤ አዲሶቹ ኤሌክትሮኖች የሚገቡት ከላይ ሁለት ደረጃ ተሸፍነው ስለሆነ ውጫቸው አይለወጥም፤ መንታ የሚመስሉትም ለዚህ ነው።

ቦር ይህን ሁሉ በጁን 1922 ጀርመን ውስጥ ጎቲንገን ላይ በተከታታይ ንግግር አቀረበ። ከአድማጮቹ መካከል ወጣቶቹ ቮልፍጋንግ ፓውሊና ቨርነር ሃይዘንበርግ ነበሩ። ከጀርባው ረቂቅ ሒሳብ ያለው የመሰላቸው ሰዎች ነበሩ፤ በአብዛኛው ግን ቦር የተመራው በብርሃን መስመሮችና በኬሚስትሪ ነው። ስምንቱን ራሱ አራትና አራት ብሎ ነው የከፈለው፤ ይህ ኋላ ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል።

ሐሳቡ የሚፈተንበት ቀን ወዲያው መጣ። 72ኛው ንጥረ ነገር ገና አልተገኘም። ፓሪስ ላይ ዦርዥ ዩርበን ከ1911 ጀምሮ ከብርቅዬ ማዕድናት መካከል አግኝቼዋለሁ፣ ስሙም ሴልቲየም ነው ይል ነበር፤ በ1922 ደግሞ የአገሩ ሰው አሌክሳንደር ዶቪዬ በዩርበን ናሙና ውስጥ ሁለት ደካማ የኤክስሬይ መስመሮች አየሁ አለ። በቦር ድልድል ግን ብርቅዬዎቹ 71 ላይ ያበቃሉ፤ 72ኛው የዚርኮኒየም ወንድም መሆን አለበት። ሁለቱ አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም። በቦር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ሆላንዳዊው ዲርክ ኮስተርና ሃንጋሪያዊው ጆርጅ ሄቬሺ ከብርቅዬዎቹ ጋር አልተቸገሩም፤ ቀጥታ የኖርዌይ የዚርኮኒየም ማዕድን አምጥተው ኤክስሬዩን አነሱ። መስመሮቹ ሞዝሊ ባስተማረው ቦታ ላይ በግልጽ ታዩ። ቦር ለኖቤል ሽልማቱ ስቶክሆልም ነበር፤ ዲሴምበር 11 ቀን 1922 ንግግሩን ሊያደርግ ሲል ኮስተር በስልክ ነገረው፤ ቦርም በንግግሩ መጨረሻ ግኝቱን አበሰረ። ንጥረ ነገሩ ከኮፐንሃገን የላቲን ስም ሃፍኒየም ተባለ። ማንም ሳያውቀው በዚርኮኒየም ውስጥ ተደብቆ የኖረው ውጫቸው አንድ ስለሆነ ነው። ዛሬም የኑክሌር ጣቢያ የሚሠሩ መሐንዲሶች ሁለቱን ለመለየት ብዙ ይደክማሉ፤ ዚርኮኒየም ኒውትሮንን ያሳልፋል፣ ሃፍኒየም ግን ይውጠዋል።

ድሉ ትልቅ ነበር። ሆኖም የሦስተኛው ሼል ዐሥራ ስምንት ለምን ዐሥራ ስምንት እንደሆነ ቦርም አልመለሰም። ወሳኙ እርምጃ የመጣው ብዙ ሰው ስሙን ከማያውቀው ካምብሪጅ ከነበረ የምርምር ተማሪ ነው። ኤድመንድ ስቶነር የራዘርፎርድ ደቀ መዝሙር ነበር። የስኳር ሕመምተኛ ስለነበር በጥብቅ የአመጋገብ ሥርዓት ይኖር ነበር። ሥራው ቁስ ኤክስሬይን እንዴት እንደሚውጥ መመርመር ነው፤ ያ ሥራ ደግሞ የውስጥ ደረጃዎችን ጥንቅቅ አድርጎ ያስቆጥራል። ሁለተኛው ሼል አንድ ደረጃ አይደለም፤ በኤክስሬይ ሲታይ ሦስት ነው። ሦስተኛው አምስት፣ አራተኛው ሰባት ይሆናል።

ስቶነር በኦክቶበር 1924 ባሳተመው ጽሑፍ ያደረገው ነገር ሲነገር ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ንዑስ ደረጃ የራሱን የኳንተም ቁጥር እጥፍ የሚያህል ኤሌክትሮን ሰጠው። ሁለተኛው ሼል 2፣ 2፣ 4 ሆነ፤ ድምሩ ስምንት። ሦስተኛው 2፣ 2፣ 4፣ 4፣ 6 ሆነ፤ ድምሩ ዐሥራ ስምንት። አራተኛው 2፣ 2፣ 4፣ 4፣ 6፣ 6፣ 8 ሆነ፤ ድምሩ ሠላሳ ሁለት። የቦር አራትና አራት ፈረሰ፤ ሜንዴሌቭ ሠንጠረዥ ላይ የነበሩት ቁጥሮች ከኤክስሬይ ቤተ ሙከራ ወጡ። ስቶነር ሌላም ነገር አስተዋለ። የሶዲየም ዓይነት አቶም ማግኔት ውስጥ ሲገባ የውጭ ኤሌክትሮኑ የጉልበት ደረጃ ይሰነጣጠቃል፤ የስንጣሪዎቹ ቁጥር ያ ንዑስ ሼል ሲሞላ ከሚይዘው ኤሌክትሮን ቁጥር ጋር እኩል ነው። የበርሚንግሃሙ ኬሚስት ጆን ዴቪድ ሜይን ስሚዝም በዚያው ዓመት፣ ከኬሚስትሪ ተነስቶ፣ ወደ ተመሳሳይ ድልድል ደርሶ ነበር። የሁለቱ ስም ከመማሪያ መጻሕፍት መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ሃምቡርግ ውስጥ የነበረው ፓውሊ ከማግኔቱ ስንጥቃት ጋር ዓመታት ታግሏል። ኮፐንሃገን ሳለ መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ምነው ፊትህ ጠቆረ ቢለው፣ ይህን ጉዳይ የሚያስብ ሰው እንዴት ደስ ይለዋል ብሎ እንደመለሰለት ራሱ ጽፏል። ዞመርፌልድ በመጽሐፉ አራተኛ እትም መቅድም ላይ የስቶነርን ሥራ አንስቶ ነበር፤ ፓውሊ ያንን ሲያነብ የጎደለው ነገር ገጠመለት። ኤሌክትሮን የምሕዋሩን ትልቀት፣ ቅርጽና አቅጣጫ የሚናገሩ ሦስት ብቻ ሳይሆን አራት የኳንተም ቁጥር አለው፤ አራተኛው ሁለት ዋጋ ብቻ ይይዛል፤ በአንድ አቶም ውስጥ ሁለት ኤሌክትሮኖች አራቱም ቁጥሮቻቸው አንድ ሊሆን አይችልም። በ1925 መጀመሪያ ላይ የወጣው ሕግ ይህ ብቻ ነው።

እንቁጠረው። ሁለተኛው ሼል ላይ የምሕዋሩን ቅርጽ የሚናገረው ቁጥር 0 ወይም 1 ይሆናል። 0 ሲሆን አንድ አቅጣጫ፣ 1 ሲሆን ሦስት አቅጣጫ ይፈቀዳል፤ አራት ቦታ ሆነ። አራተኛው የኳንተም ቁጥር እያንዳንዱን ቦታ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ስምንት። ሦስተኛው ሼል ላይ አምስት አቅጣጫ ያለው ቅርጽ ይጨመራል፤ አንድ፣ ሦስትና አምስት ዘጠኝ ናቸው፣ እጥፋቸው ዐሥራ ስምንት። ሪድበርግንና ላንግሙየርን ያስቸገረው እጥፍ የፓውሊ አራተኛ ቁጥር ነው። ይህ ክልከላ ባይኖር ሁሉም ኤሌክትሮን ወደ ታችኛው ደረጃ በወረደ፣ ሜንዴሌቭ ያየው የጠባይ ዙርም ባልኖረ። ፓውሊ ለሕጉ ምክንያት ማቅረብ እንዳልቻለ በጽሑፉ ውስጥ ገልጿል፤ የ1945ን ኖቤል ተሸልሞ በዓመቱ ንግግር ሲያደርግም ይህንኑ ደገመው።

አራተኛው ቁጥር ራሱ ምንድን ነው? በ1925 መጀመሪያ ላይ ራልፍ ክሮኒግ የሚባል ወጣት ኤሌክትሮን በራሱ ዙሪያ ይሽከረከራል የሚል ሐሳብ ለፓውሊ አቀረበለት፤ ፓውሊ አልተቀበለውም፤ ክሮኒግም ሳያሳትመው ቀረ። በዚያው ዓመት መከር ላይ ሌይደን ውስጥ ጆርጅ ኡለንቤክና ሳሙኤል ጎድስሚት ያንኑ ሐሳብ ጽፈው ለአስተማሪያቸው ለፓውል ኤረንፌስት ሰጡ። ከዚያ ታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ሎሬንትዝ የኤሌክትሮኑ ገጽ ከብርሃን በላይ መፍጠን ሊኖርበት ነው ብሎ ሲያስጠነቅቃቸው ደንግጠው ጽሑፉን ሊመልሱ ሄዱ። ኤረንፌስት አስቀድሞ ልኮት ነበር፤ ወጣት ስለሆናችሁ ቂልነት ብትሠሩ ይቅር ይባልላችኋል አላቸው። ስፒን የተባለው ይህ ሽክርክሪት ወደ ሳይንስ የገባው እንዲህ ነው።

በ1926 ኤርቪን ሽሮዲንገር የሞገድ እኩልታውን አወጣና ምሕዋር የሚባለው ነገር ራሱ ቀረ። ኤሌክትሮን በመስመር ላይ አይዞርም፤ የሚኖረው የመገኘት ዕድሉ የተዘረጋበት ስፍራ ነው። ያን ስፍራ ሮበርት ማሊከን በ1932 ኦርቢታል አለው። ኤስ ክብ ነው፤ ፒ በኒውክለሷ ግራና ቀኝ ያበጠ፣ በሦስት አቅጣጫ የሚቆም ነው፤ ዲ አምስት፣ ኤፍ ሰባት ዓይነት አለው። የቦር ዘልቆ የሚገባ ሞላላ ምሕዋርም አዲስ መልክ አገኘ። የ4ኤስ ኦርቢታል አብዛኛው ክፍል ሩቅ ቢሆንም ኒውክለሷ ድረስ የሚደርስ ትንሽ ድርሻ አለው፤ 3ዲ ግን ኒውክለሷ አጠገብ ከሞላ ጎደል ባዶ ነው። ስለዚህ የፖታሲየም ዐሥራ ዘጠነኛ ኤሌክትሮን 4ኤስ ላይ ገባ።

እዚህ ላይ ብዙ መማሪያ መጻሕፍት አንድ ነገር ያድበሰብሳሉ፤ ስለማስብበት ልናገረው። 4ኤስ ሁልጊዜ ከ3ዲ በታች ነው ብሎ የተማረ ሰው ብረት ኤሌክትሮን ሲያጣ መጀመሪያ የሚሄዱት የ4ኤስ ሁለቱ ናቸው ሲባል ግራ ይገባዋል። መልሱ ስካንዲየም ላይ አለ። ስካንዲየም 21 ኤሌክትሮን አለው፤ ሁለቱ 4ኤስ ላይ፣ አንዱ 3ዲ ላይ ናቸው። ሁለት ሲወሰድበት ፖታሲየምን የሚያህል 19 ኤሌክትሮን ይቀረዋል። የብርሃን መስመሩ ሲለካ ግን ዐሥራ ዘጠነኛው ያለው 3ዲ ላይ ነው። ኒውክለሷ በሁለት ፕሮቶን ስለጠነከረች 3ዲን ወደ ታች ስባዋለች። ቅደም ተከተሉ የተቸነከረ አይደለም፤ በኒውክለሷ ቻርጅና በኤሌክትሮኖቹ መገፋፋት ይለዋወጣል። ፍሪድሪክ ሁንድ ከ1925 ጀምሮ እንዳስረዳው ኤሌክትሮኖች እኩል ጉልበት ባላቸው ኦርቢታሎች ሲገቡ መጀመሪያ ለየብቻ፣ ስፒናቸውን አንድ አድርገው ይቀመጣሉ። ክሮሚየም አንዱን 4ኤስ ትቶ አምስት 3ዲ ይይዛል፤ መዳብም አንዱን ትቶ 3ዲን ይሞላል፤ ፓላዲየም ጭራሽ 5ኤስን ባዶ አድርጎ 4ዲን ዐሥር ያደርገዋል።

ተማሪ በሰያፍ ቀስት የሚሸመድደው ቅደም ተከተል የራሱ ታሪክ አለው። በ1928 አካባቢ የፈረንሳይ ቦቬ ከተማ ነዋሪ የነበረው መሐንዲስ ሻርል ዣኔ፣ ጉንዳኖችን በማጥናትም የሚታወቅ ሽማግሌ፣ ሠንጠረዡን ኤስ በቀኝ ዳር እንዲወድቅ አድርጎ አዲስ ቅርጽ ሰጠው፤ የመሙላት ቅደም ተከተሉ እዚያ ውስጥ በግልጽ ይነበባል። በ1936 ደግሞ ኤርቪን ማዴሉንግ የትልቀቱንና የቅርጹን የኳንተም ቁጥሮች ደምር፣ ድምሩ ያነሰው ይቅደም የሚል ሕግ አድርጎ አሳተመው። ለ4ኤስ ድምሩ አራት፣ ለ3ዲ አምስት ነው። ሕጉ ለአብዛኞቹ አቶሞች ይሠራል፤ ይሁንና በ1969 ስዊድናዊው ፐር ኦሎቭ ሎውዲን ይህችን ቀላል ሕግ ከኳንተም ሜካኒክስ መሠረት ተነስቶ ያወጣት ሰው አለመኖሩን በግልጽ አነሳ።

የመጨረሻው ትልቅ ለውጥ የመጣው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። እስከ 1940ዎቹ ድረስ ቶሪየም፣ ፕሮታክቲኒየምና ዩራኒየም ከሃፍኒየም፣ ከታንታለምና ከተንግስተን ሥር ነበር የሚጻፉት። በ1941 ማሪያ ጎፐርት ማየር 5ኤፍ ኦርቢታሎች መሞላት የሚጀምሩት በዩራኒየም አካባቢ መሆኑን አሰላች። በ1944 ቺካጎ ላይ ግሌን ሲቦርግና ባልደረቦቹ 95ኛውንና 96ኛውን ንጥረ ነገር እየፈለጉ ነበር፤ በድሮው ሠንጠረዥ የተጠበቀውን ጠባይ ተከትለው ሊለዩዋቸው ሲሞክሩ አልሆነም። ሲቦርግ ከአክቲኒየም የሚጀምር ሁለተኛ የብርቅዬዎች ረድፍ አለ ብሎ ሲያስብ መንገዱ ተከፈተ፤ ክዩሪየምና አሜሪሲየም ተገኙ። ሠንጠረዡን እንዳያሳትም ስምህ ይጠፋል ብለው ያስጠነቀቁት ነበሩ። በሕዝብ ፊት የተሰማው ደግሞ ኖቬምበር 11 ቀን 1945 በአንድ የልጆች የሬዲዮ ጥያቄና መልስ ዝግጅት ላይ ነው፤ አንድ ልጅ አዲስ ንጥረ ነገር አግኝታችኋል ወይ ብሎ ሲጠይቀው ሲቦርግ አዎን ብሎ ነገረው።

ከዚያ ወዲህ ሠንጠረዡ ወደ ታች ተሞላ። የኒውክለስ ቻርጅ እየከበደ ሲሄድ የውስጥ ኤሌክትሮኖች ፍጥነት ወደ ብርሃን ፍጥነት ይጠጋል፤ የአንስታይን ሕግ ኦርቢታሎቹን ያጠብባል፣ ጉልበታቸውንም ያዛባል። ወርቅ ቢጫ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በ2015 ጃፓን ቶካይ ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች 103ኛውን ሎውረንሲየምን ለኩ። ኢሶቶፑ በ27 ሰከንድ ግማሹ ይጠፋል፤ የሚሠራውም በጣት የሚቆጠር አቶም እየሆነ ነው። የመጀመሪያውን ኤሌክትሮን ለመንቀል 4.96 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ በቃ። ይህን ያህል የላላ ኤሌክትሮን በማዴሉንግ ሕግ መሠረት 6ዲ ላይ መሆን ሲገባው 7ፒ ላይ ተቀምጧል ከሚለው የአንጻራዊነት ስሌት ጋር ይገጥማል። በ2016 ሰባተኛው ረድፍ በ118ኛው በኦጋኔሶን ተዘጋ፤ ርዝመቱም 32 ሆነ። ከ2018 ጀምሮ ጃፓን ውስጥ ሪከን የተባለው ተቋም ክዩሪየምን በቫናዲየም እየደበደበ 119ኛውን ይፈልጋል፤ ከተገኘ የመጨረሻው ኤሌክትሮኑ የሚጠበቀው 8ኤስ ላይ ነው።